ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

ከኒው ኦርሊንስ ተነስቶ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ እየታከከ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የሉዊዚያናን ረግረግ ጨርሶ ሚሲሲፒ ሲገባ መጀመሪያ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዷ ዌቭላንድ ናት። ከእሷ ቀጥላ ቤይ ሴንት ሉዊስ አለች፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ፓስ ክርስቲያን፣ ከዚያ ሎንግ ቢች፣ ገልፍፖርት፣ ቢሎክሲና ኦሽን ስፕሪንግስ ይከተላሉ። 90 ቁጥር አውራ ጎዳና ለብዙ ኪሎ ሜትር ከባሕሩ ሳይርቅ ይሄዳል፤ በስተቀኝ ነጭ አሸዋ፣ በስተግራ ያረጁ የኦክ ዛፎች። በዛፎቹ መካከል በረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆሙ አዳዲስ ቤቶች ይታያሉ፤ በቤቶቹ መካከል ደግሞ ሣር ብቻ የበቀለባቸው ሰፋፊ ቦታዎች። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 29 ቀን 2005፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በዚህ ዳርቻ ሲያልፍ ፓስ ክርስቲያን ላይ ባሕሩ 8.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ የብስ ወጣ። በአሜሪካ ምድር ከዚያ በፊት ይህን ያህል ከፍታ ያለው የባሕር ሙላት ተመዝግቦ አያውቅም። ውኃው በብዙ ቦታ 10 ኪሎ ሜትር፣ ወንዞችንና ወሽመጦችን ተከትሎ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ዘለቀ። የዓለም ካሜራ ኒው ኦርሊንስ ላይ ሲያተኩር ሚሲሲፒ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ዌቭላንድን በመሰሉ ትንንሽ ከተሞች ሙሉ ሰፈሮች ከኮንክሪት ወለላቸው በቀር ምንም ሳይተርፋቸው ቀሩ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ዳርቻ መልሶ ስለገነባው ሕዝብ ሲነገር የበጎ ፈቃደኞቹ ብዛት አስቀድሞ ይነሳል። አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የመጡት ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገምቷል፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹን የላኳቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ደቡባዊ ባፕቲስቶች በተንቀሳቃሽ ወጥ ቤቶቻቸው ከ14 ሚሊዮን በላይ ሳህን ምግብ አብስለዋል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ለተራበ ሰው ምግብ ማድረስን አቃልሎ የሚያይም አይኖርም። እኔ ግን የእነዚህ ክርስቲያኖች ሥራ ዋናው ዋጋ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይሆን በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ነው እላለሁ። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ይህን ያውቀዋል። በቀብሩ ዕለትና በሠልስቱ ድንኳኑ ሰው አይችልም፤ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩ ለዕድሩ ተመልሶ፣ ዘመድ ወደየሥራው ሲበተን ግን የሐዘንተኛው ችግር ገና መጀመሩ ነው። በሚሲሲፒ ዳርቻ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ማን መጣ? የመጣውስ ምን አየ? ባየው ነገርስ ምን ማድረግ ነበረበት?

ለምን ሦስተኛው ዓመት እንደሚከብድ ለመረዳት ገንዘቡ በምን መንገድ ይፈስ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ነፋስ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለጎርፍ አይከፍልም። ጎርፍን የሚሸፍነው መንግሥት በ1968 ያቋቋመው ሌላ መድን ነው፤ ከጎርፍ ክልል ውጭ ናችሁ የተባሉ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን መድን አልገዙም ነበር። ባሕሩ ቤቱን ጠራርጎ ከወሰደበት በኋላ ሰውየው ቤቴን ያፈረሰው ነፋስ ነው ሲል ኩባንያው ውኃ ነው ይላል፤ ለፍርድ የሚቀርበው ማስረጃ፣ ማለትም ቤቱ ራሱ፣ የለም። ክርክሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ውስጥ ተጎተተ። የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ለአንድ ቤተሰብ በቀጥታ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ በዚያን ጊዜ 26,200 ዶላር ነበር፤ ይህ ደግሞ ለጣራና ለግድግዳ እንኳ ሳይበቃ ያልቃል። በዚህ ላይ የካርታ ጉዳይ አለ። በተለይ በጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች ብዙ ቤቶች ያለ ኑዛዜ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፉ ናቸው፤ ካርታው አሁንም በሟች ስም ነው። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት የራሷ መሆኑን በወረቀት ማረጋገጥ ያልቻለች ሴት እርዳታ ልትጠይቅ ስትሄድ ከመጀመሪያው መስኮት ትመለሳለች። ተጎታች ቤት የተሰጣቸውም ቢሆኑ አልተገላገሉም፤ በ2008 የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች በብዙዎቹ ተጎታቾች ውስጥ ያለው አየር ፎርማልዴሃይድ በተባለ ኬሚካል ከሚገባው በላይ የተበከለ መሆኑን ይፋ አድርገዋል። እንግዲህ ኢንሹራንሱ ያልከፈላቸው፣ ፌማ የሰጣቸው ያለቀባቸው፣ ካርታቸው ያልጸዳ፣ ወይም ገንዘባቸውን ለአጭበርባሪ ተቋራጭ ቀብድ ከፍለው የተከዱ ሰዎች በሦስተኛው ዓመት አንድ ላይ ተከማቹ። ከመንግሥት ቅጾች መካከል እነሱን የሚመለከት ሣጥን ያለው አልነበረም።

ዘግይተው የመጡት ክርስቲያኖች የሠሩት ለእነዚህ ነው። አሠራራቸው ከውጭ ሲታይ የዋህነት የሚመስል ቢሆንም ውስጡ በጥንቃቄ የተደራጀ ነው፤ የተማረውም ከዚሁ ዳርቻ ነው። በ1969 ካሚል የተባለው አውሎ ነፋስ ይህንኑ ባሕር ዳር ሲመታ የእርዳታ ድርጅቶች አንዱ የሌላውን ሥራ እየደገመ፣ ሌላው የተረሳውን ሰፈር ሳያይ እያለፈ እንደነበር ራሳቸው አዩ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1970፣ በአደጋ ጊዜ የሚሠሩ የበጎ ፈቃድ ድርጅቶችን የሚያቀናጅ ብሔራዊ ጉባኤ አቋቋሙ። ከካትሪና በኋላ በየወረዳው የተቋቋሙት የረጅም ጊዜ ማገገሚያ ኮሚቴዎች የዚህ ፍሬ ናቸው። በኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ይቀመጣሉ። የአንዲት ቤተሰብ ጉዳይ ይቀርባል፤ አንዱ ለጣራ ቆርቆሮና ለእንጨት ገንዘብ አለኝ ይላል፣ ሌላው በሚቀጥለው ወር አናጺዎች ይደርሱኛል ይላል፣ ሦስተኛው ኤሌክትሪሺያን ያመጣል። ጉዳዩን የሚያቀርበው የቤተሰቧን ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤና የፌማ መልስ ሰብስቦ የሚከታተል ሠራተኛ ነው፤ ያለ እሱ መዶሻው የት እንደሚመታ አያውቅም። ለዚህ ክትትል የሚሆነው 66 ሚሊዮን ዶላር የተገኘው የውጭ አገሮች ለአሜሪካ መንግሥት ከላኩት እርዳታ ሲሆን የሥራውን ኃላፊነት የወሰደው የሜቶዲስቶች የእርዳታ ድርጅት ነበር። ለካትሪና ተጎጂዎች ገንዘብ ለመላክ ቃል ከገቡት አገሮች መካከል ባንግላዴሽ፣ ስሪላንካና አፍጋኒስታን ይገኙበታል። ሀብታም አገር ድሀ አገርን ይረዳል ብሎ የለመደ አእምሮ ይህን እውነታ ቆም ብሎ ቢያስበው ደስ ይለኛል።

የግንባታው ሥራ ራሱ በሳምንት ተራ ይሄድ ነበር። አንድ ቡድን እሑድ ይደርስ ነበር፤ ሎንግ ቢች ወይም ኦሽን ስፕሪንግስ ውስጥ ሉተራኖችና ኤጲስቆጶሳውያን ባቋቋሟቸው ካምፖች ያድር ነበር፤ አምስት ቀን ሠርቶ ቅዳሜ ይመለስ ነበር። ተከታዩ ቡድን የቀደመው ያቆመበትን ይቀጥል ነበር። የሻገተውን ጂፕሰም ቦርድ የሚነቅል፣ ጣራ የሚመታ፣ ቀለም የሚቀባ ይለዋወጥ ነበር፤ ካፖው ግን ይቆይ ነበር። ሜኖናይቶች በዚህ ረገድ ልዩ ናቸው። በ1950 ሄስተን በምትባል የካንሳስ ከተማ የጀመሩት የአደጋ ጊዜ አገልግሎት የሚተማመነው በሙያተኛ ጡረተኞች፣ የብርዱ ወቅት ሲገባ እርሻቸው በሚያርፍ ገበሬዎችና ለወራት ቦታው ላይ በሚቀመጡ አስተባባሪዎች ነው፤ በቤታቸው ኤሌክትሪክ የማያስገቡ አሚሾች ሳይቀሩ አብረው ይሠራሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እነዚህ ሰዎች እንግዳ አይደሉም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ወደ አገራችን መጥተው ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ላይ ሆስፒታል የከፈቱት እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ አገልግሎት የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ በዓለም ካሉት የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ትልልቆቹ መካከል ናት። በአዳማ የታወቀው አካሄድ፣ መጀመሪያ ገላን ማከም፣ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ፣ ብዙ አለመናገር፣ በሚሲሲፒም ያው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው የሒሳብ ነው። ሃያ ወጣቶች ከሩቅ ክፍለ ሀገር ተሳፍረው ለአምስት ቀን ግድግዳ ቀብተው ከሚመለሱ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ተልኮ የአገሩ ሠራተኛ ቢቀጠርበት አይሻልም? ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው፤ በተለይ ሙያ የሌላቸው ወጣቶች በመጀመሪያው ወር ጎርፈው መተኛና ምግብ የሚሻሙበትን ሁኔታ የሚያወግዝ ከሆነ አብሬው ነኝ። ስለ ሦስተኛው ዓመት ሲሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። በዚያ ዳርቻ ከአደጋው በኋላ የጎደለው ሥራ ሳይሆን ሠራተኛ ነበር፤ አናጺና የቧንቧ ሠራተኛ ወር ተጠብቆ አይገኝም፣ የእጅ ዋጋም ሰማይ ነክቶ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ የሠሩላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ቀድሞውኑ ተቋራጭ የመቅጠር አቅም ስላልነበራቸው ከማንም ገበያ አልተነጠቀም። የሚበልጠው ነገር ግን ወጪ ሆኖ የማይጻፈው ነው። የእጅ ዋጋ በነፃ ሲሆን ለሚስማርና ለእንጨት ብቻ የተረፈው ትንሽ ገንዘብ ሙሉ ቤት ያቆማል፤ ፌማ የሰጠው ያንን የማይበቃ ገንዘብ የሚያበቃው ይህ ነው። በደረቁ ገንዘብ ብቻ ቢላክ ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ስሜት ተልኮ በመጀመሪያው ዓመት ያልቅ ነበር። እጁን የሰጠ ሰው ግን ቤቱ ሲጀመር አይቶታልና ሳያልቅ መርሳት ያቅተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ የተራቆተን ሰው በእርዳታ ስም ወደ ራስ እምነት መሳብ ነውር ነው የሚለው። ነውርነቱ አያጠያይቅም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ ጣራ የሚሠራለት ሰው እንጸልይ ሲለው እሺ የሚለው አምኖ ይሁን ተቸግሮ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የአደጋ ጊዜ ድርጅቶቹ ጉባኤም እርዳታ በእምነት ቅድመ ሁኔታ እንዳይታሰር፣ የተጎጂ ድክመት ለስብከት መጠቀሚያ እንዳይሆን አባላቱ የተስማሙበት ሰነድ አለው። ሰነድ መኖሩ ብቻ ሁሉም ይታዘዘዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቦታው ላይ የሆነውን ማየት ይረዳል። ዌቭላንድ ውስጥ አንድ የገበያ መኪና ማቆሚያ ላይ ከቴክሳስ የመጡ ክርስቲያኖችና ሬይንቦ የተባለው፣ ጸጉራቸውን አስረዝመው በጫካ የሚሰበሰቡ ሰዎች ማኅበር አንድ ላይ ወጥ ቤት ከፍተው ለወራት ያገሩን ሰው መግበዋል። በሌላ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡ አይመስለኝም። ምሥራቅ ቢሎክሲ ደግሞ በሽሪምፕ ማጥመድ የሚተዳደሩ ቬትናማውያን ሰፈር ነው፤ የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያንና የቡድሂስቶቹ መቅደስ እዚያው አንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። በዚህ ሰፈር የቤቱን ባለቤት እምነት እየጠየቁ ጣራ መሥራት አይቻልም። እኔ የማምነው መለኪያ ቀላል ነው፤ ቤቱ ተጠናቆ ቁልፉ ሲሰጥ ባለቤቱ ምንም ዓይነት መልስ የመስጠት ዕዳ ካለበት ሥራው ተበላሽቷል። ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ከፍሎ፣ ጉድለት ካለ ተመልሼ እከፍላለሁ ብሎ ሄደ። ቁስለኛው ከዚያ በኋላ የት እንዳመለከ ወንጌሉ አይነግረንም።

ሌሎች ደግሞ ተመልሶ በሚጥለቀለቅ ቦታ ለምን ቤት ይሠራል ይላሉ። በካሚልና በካትሪና መካከል ያለው 36 ዓመት ብቻ ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በ1969 ካሚል ያልነካቸው ቤቶች ውስጥ የነበሩ ሰዎች ካትሪናም አትነካንም ብለው በመቅረታቸው ብዙዎች ሞቱ፤ የቀድሞው መትረፍ የኋለኛው ወጥመድ ሆነ። ስለዚህ ቤቱን በነበረበት ከፍታና አሠራር መልሶ ማቆም ደግነት ቢመስልም አደጋን መልሶ መትከል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በችኮላ የተጠገኑ አንዳንድ ቤቶች ላይ ይህ ትችት በትክክል ያርፋል። ዘግይቶ የሚሠራው ግን አዲሱን የጎርፍ ካርታ ይዞ ነው የሚሠራው። በቢሎክሲ የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የከፈተው የንድፍ ማዕከል ወደ ላይ ከፍ ብለው የሚቆሙ ቤቶችን ለድሆች ነድፏል፤ የበጎ ፈቃድ ቡድኖችም በእነዚያ ንድፎች ሠርተዋል። ከፍታው የራሱ ችግር አለው፤ ጉልበቷ የታመመ አሮጊት በየቀኑ ያን ሁሉ ደረጃ ልትወጣና ልትወርድ ነው። ቢሆንም ተነሱና ሂዱ የሚለው ምክር ለማን እንደሚነገር ልብ ማለት ይገባል። በ2005 ጥቅምት፣ አደጋው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ የሚሲሲፒ ሕግ ተለውጦ እስከዚያ ድረስ በውኃ ላይ ብቻ ይፈቀዱ የነበሩ ቁማር ቤቶች ከባሕሩ 800 ጫማ ድረስ በየብስ ላይ እንዲገነቡ ተፈቀደላቸው። ባለ ገንዘቡ ወደ ዳርቻው እንዲጠጋ ሕግ እየተጻፈለት ከጀልባው አጠገብ መኖር ያለበትን ሽሪምፕ አጥማጅ ለደኅንነትህ ሽሽ ማለት፣ ምክሩ በሳይንስ ትክክል ቢሆንም፣ ፍትሕ የለበትም።

የመጨረሻውንና እጅግ የሚከብደውን ተቃውሞ ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ፤ ክርስቲያኖቹ የመንግሥትን ሸክም በመሸከማቸው መንግሥትን ከተጠያቂነት ያሳርፉታል የሚለውን። ይህ ከፖለቲካ ጥርጣሬ ብቻ የመነጨ አይደለም። በፌማ ደንብ መሠረት በጎ ፈቃደኞች በነፃ የሠሩት ሰዓት በገንዘብ ተተምኖ የክፍለ ሀገሩ ወይም የከተማው መዋጮ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። የአማኞች ላብ በመንግሥት መዝገብ ላይ የመንግሥት ድርሻ ይሆናል ማለት ነው። በሚሲሲፒ የሆነው ደግሞ ከዚህ ያልፋል። የአሜሪካ ምክር ቤት ለክፍለ ሀገሩ መልሶ ግንባታ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። በአገረ ገዢው በሄሊ ባርበር አስተዳደር የተዘጋጀው የመጀመሪያው የቤት ባለቤቶች እርዳታ እስከ 150,000 ዶላር ይከፍል ነበር፤ የሚከፍለው ግን ቤታቸው ከጎርፍ ክልል ውጭ ሆኖ በባሕር ሙላት ለተጎዳባቸውና ኢንሹራንስ ለነበራቸው ነው። ቆይቶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሁለተኛ ዙር ተከፈተ። በሁለቱም ዙር ነፋስ ብቻ ጣራቸውን የገነጠለባቸው ሰዎች አልተካተቱም፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከባሕሩ ራቅ ብለው የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በ2008 መጀመሪያ ሰዎች ገና በሸራ ሥር ሳሉ 570 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከቤት መሥሪያው ወደ ገልፍፖርት ወደብ ማስፋፊያ ተዛወረ። ወደቡ ሥራ ያመጣል የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ብቻ ሳይሆን የሚሠራበት ቦታም ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ የቤት ችግር ተፈትቷል የሚለው ግምት ሐሰት ነበር፤ ሐሰት መሆኑን በየሳምንቱ በዓይናቸው የሚያዩትም እነዚያ ጣራ ላይ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ተቃውሞውን ተቀብዬ መደምደሚያውን የማልቀበለው። ክርስቲያኖቹ ሥራቸውን ቢያቆሙ መንግሥት ተገዶ ይሠራ ነበር የሚለው ሐሳብ ማስረጃ የለውም፤ ተጎጂዋ በሸራ ሥር ሌላ ዓመት ትጨምር ነበር እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። የሚያስፈልገው መዶሻውን መጣል ሳይሆን ከመዶሻው ጋር ያዩትን መናገር ነው። በ2008 ታኅሣሥ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚሟገተው የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሚሲሲፒ ቅርንጫፍ፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለመኖሪያ ቤት ፍትሕ የሚሠራ ማዕከልና ጥቂት የቤት ባለቤቶች በወደቡ ገንዘብ ምክንያት የፌደራሉን የቤቶች ሚኒስቴር ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ይግባኝ ተባለ፤ በ2010 ኅዳር በስምምነት 132 ሚሊዮን ዶላር ለቤት ጥገና ተመደበ። በዚህ ገንዘብ ይረዳሉ የተባሉት ቤተሰቦች ከ4 ሺህ ይበልጡ ነበር። አደጋው ከደረሰ አምስት ዓመት አልፎ ይህን ያህል ያልተጠገነ ቤት ነበር ማለት ነው። ይህንን በጎ ፈቃደኞች ብቻቸውን ሊጨርሱት አይችሉም ነበር፤ አንድ ቡድን በሳምንት አንድ ጣራ ቢያቆም እንኳ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማንም ሊያሰላው ይችላል። ጠበቆቹ ደግሞ ያለ ምስክር የሚከራከሩት ነገር የለም። ማን እንደተዘለለ፣ ለምን እንደተዘለለ፣ በየትኛው ደብዳቤ እንደተከለከለ የሚያሳየው ወረቀት በየማገገሚያ ኮሚቴው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ሁለተኛ ሥራ፣ ያዩትን መናገርን፣ ይፈሩታል። ፖለቲካ ነው፣ ይከፋፍለናል፣ አንዱ ለአንዱ ፓርቲ ሌላው ለሌላው ድምፅ ሰጥቶ ጣራው ላይ ግን አብረን ነን ይላሉ። አብሮነቱ ውድ ነገር ነውና ፍርሃቱን አልንቀውም። ነገር ግን በጎ ፈቃደኞቹ የመጡበትን ቦታ እንመልከት። ገንዘቡን የመደበው የዋሽንግተኑ ምክር ቤት ነው፤ የክፍለ ሀገሩ ዕቅድ ይለወጥ ሲባል ፈቃድ የሚሰጠውም የፌደራል መሥሪያ ቤት ነው። ቢሎክሲ ውስጥ ቤቷ የሚያፈስባት መበለት ድምፅ የምትሰጠው ለሚሲሲፒ እንደራሴዎች ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከወደቡ ጋር የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ሳምንቱን ሙሉ በጣራዋ ላይ ምስማር ሲመታ የሰነበተው የካንሳስ ገበሬ፣ የፔንሲልቬንያ አናጺ፣ የኦሃዮ ጡረተኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሁለት ሴናተሮች አሉት። መበለቷ ልትደርስባቸው የማትችላቸው ቢሮዎች ለእሱ የአገሩ ሰዎች ቢሮ ናቸው። ስለ ፓርቲ መጻፍ አይጠበቅበትም። በየትኛው መንገድ ላይ የትኛውን ቤት እንደጠገነ፣ ቤቱ ስንት ዓመት ሳይጠገን እንደቆየ፣ ባለቤቷ በየትኛው ደንብ እንደተከለከለች በአንድ ገጽ መጻፍ ይችላል። ካምፑ ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑን ከመሸኘቱ በፊት ለዚህ አንድ ሰዓት ቢመድብ፣ ጉዳይ ተከታታዩ ሠራተኛ የባለቤቷን ፈቃድ ጠይቆ መረጃውን ቢያቀርብ፣ ከሺህ ቡድኖች ሺህ ደብዳቤ ወደ ሃምሳ ክፍለ ሀገሮች እንደራሴዎች ይሄዳል።